ከኦፕራሲዮን በፊት ያሉት ሳምንቶች
(ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት)

ዛሬ የምናጠናው ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት የሩቅ አገር ጉዳይ ይመስላል። ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ በሽተኛ ሲጃራ እንዲያቆም ነርስ ትርዳው ሲባል፣ «ይህ ሐኪም ቤቱ ለተትረፈረፈለት አገር ይሁን፤ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ገጠር ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ደግሞ በምዕራብ ጎጃም ይበልጥ እንደሚያስፈልግ እናምናለን። ምክንያቱን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

በአገራችን የሚያጨስ ሰው ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት መሠረት፣ ትንባሆን በማናቸውም መልክ የሚጠቀሙት ከመቶ አዋቂዎች 5 ያህሉ ናቸው፤ ከወንዶች ከመቶ 8፣ ከሴቶች ከመቶ 2 ገደማ። ይህ ቁጥር ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በስተጀርባው አንድ ችግር ይከተላል። አጫሽ በበዛበት አገር ሰው ማጨሱን አይደብቅም። በእኛ ዘንድ ግን ኦርቶዶክሱም፣ ወንጌላዊውም፣ የሰፈሩ ሽማግሌም ትንባሆን ስለሚነቅፉት፣ የሚያጨሰው ሰው ከቤቱ ጓሮ፣ ከመናኸሪያው ጥግ፣ ከአረቄ ቤቱ ጓዳ ነው የሚያጨሰው። ሚስቱ እንኳ የማታውቅበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ይህ ሰው ታምሞ ሐኪም ቤት ሲመጣ፣ ለነርሷም አይናገርም። ነርሷም አጫሽ ይገጥመኛል ብላ አታስብምና አትጠይቅም። በሽተኛው ምስጢሩን ይዞ ከማደንዘዣው ጠረጴዛ ላይ ይወጣል።

ይህ መደበቅ ዛሬ የመጣ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በከባድ ቅጣት መከልከላቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ቅጣቱ ትንባሆን ከአገሩ አላጠፋም፤ በየገጠሩ ጋያ የሚስቡ፣ ሱረት የሚያሸቱ ሽማግሌዎች እስከ እኛ ዘመን ቆይተዋል።

አሁን ጭሱ ኦፕራሲዮን የሚደረግለትን ሰው በምን እንደሚጎዳው እንመልከት። ነርሶች ይህን ያውቁታል፤ ነገር ግን ለገበሬ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት ሌላ ሙያ ስለሆነ ጥቂት ብናብራራው መልካም ነው።

ከሲጃራ ጭስ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ወደ ሳንባ ይገባል። ይህ ጋዝ በሌላ ስሙ በአገራችን በደንብ ይታወቃል፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲያድር ሰው የሚገድለው እርሱ ነው። ደማችን ኦክሲጅን የሚሸከምበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ደግሞ ኦክሲጅን በእጅጉ ያስፈልገዋል። ደግነቱ ይህ ጋዝ ቶሎ ይወጣል፤ ሰው ማጨሱን ካቆመ በየ4 ሰዓቱ ገደማ መጠኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ብቻ ማቆም እንኳ ለማደንዘዣው ጥቅም አለው።

ሁለተኛው ኒኮቲን ነው። ኒኮቲን ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያጠብባል። የመስኖ ቦይ በደለል ሲጠብ ከመጨረሻው ማሳ ውሃ እንደማይደርስ፣ የተሰፋው ቁስልም ደም በበቂ ካልደረሰው ቶሎ አይድንም፤ መግል ይይዛል፣ ስፌቱ ይከፈታል። የተሰበረ አጥንትም በአጫሽ ሰው ላይ ለመግጠም ይዘገያል።

ሦስተኛው ሳል ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን። በአየር ቧንቧችን ውስጥ አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉ እጅግ ረቂቅ ፀጉሮች አሉ። ጭሱ ሥራቸውን ያስተዋቸዋል፤ አክታው ከውስጥ ይጠራቀማል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመም ስላለ በሽተኛው አጥብቆ ለመሳል ይፈራል፤ አክታው ሲቀመጥ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል። ሳይፈራ ከሳለም ሌላ አደጋ አለ። በገጠራችን ከሚሠሩት ኦፕራሲዮኖች አንዱ የአንጀት መውረድ፣ ማለትም ቧ የሚባለው ነው። ከባድ ሸክም የሚሸከም፣ ሞፈር የሚጨብጥ ወንድ ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ሰው በብሽሽቱ ተሰፍቶ ከተኛ በኋላ የአጫሽ ሳል ሌሊቱን ሙሉ ሲያናውጠው፣ እያንዳንዱ ሳል ስፌቱን ይጎትተዋል። ቧው ዳግመኛ ቢወርድ ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ሐኪም ቤት ይመጣል፤ በሬው ቆሞ፣ እርሻው በሰው እጅ ሆኖ። ለገበሬ «ሳንባህን ይጎዳል» ከማለት ይልቅ «ስፌትህን ይፈታብሃል፣ ክረምቱ ሳታርስ ያልፍሃል» ማለት እንደሚበልጥ ለሠራተኞቻችን ደጋግመን የምንነግረው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ጊዜ አስቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የዓለም የጤና ድርጅት ስለዚሁ ጉዳይ የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስቦ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት 4 ሳምንት ያህል ያቆመ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚገጥመው ችግር እንደሚቀንስ ገልጧል። ከ4ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ትንባሆ የሚጨመር እያንዳንዱ ሳምንትም ውጤቱን በ19 ከመቶ እንደሚያሻሽል ጨምሮ አመልክቷል።

ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዴንማርክ የተገኘ ጥሩ ምስክር አለ። አን ሞለር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በሦስት ሐኪም ቤቶች የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ለማስለወጥ ተራ ይጠብቁ የነበሩ 120 አጫሾችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ወገን፣ ኦፕራሲዮኑ ከመድረሱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ነርስ በየሳምንቱ እያገኘቻቸው ትመክራቸው ጀመር፤ የኒኮቲን ምትክም ሰጠቻቸው። ሁለተኛው ወገን እንደ ተለመደው ብቻ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ችግር የደረሰባቸው ነርሷ ከረዳቻቸው ከመቶ 18፣ ካልረዳቻቸው ከመቶ 52 ነበሩ። በቁስል ላይ የደረሰው ችግር ብቻ ተለይቶ ሲታይ 5 ከመቶና 31 ከመቶ ነበር። በሁለቱ ወገኖች መካከል አዲስ ቢላዋ ወይም አዲስ ማሽን አልገባም። የገባችው በየሳምንቱ የምትጠይቅ አንዲት ነርስ ናት።

በፍኖተ ሰላም የዴንማርክን ሥራ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከቡሬ ዙሪያ ቀበሌ የሚመጣ ገበሬ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ይመላለስ ማለት ሊሆን የማይችል ነገር ማዘዝ ነው። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተርም በገጠር መድኃኒት ቤት እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን የዴንማርክ ነርሶች የተጠቀሙበት ዋናው ነገር፣ ይኸውም የመጠበቂያው ጊዜ፣ እኛም ዘንድ ሞልቷል። በሽተኛው ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል ከተባለበት ቀን እስከ ተራው ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሐኪም ቤቶች ይላካል፤ ጊዜው ይረዝማል። ገበሬው ራሱም ቢሆን የማይቸኩል ሕመም ከሆነ አጨዳውና ውቂያው፣ የበርበሬውም ለቀማ ካለፈ በኋላ መተኛት ይመርጣል። ብዙ ጊዜ ይህን መዘግየት እንደ ኪሳራ ብቻ እናየዋለን። ለሚያጨስ ሰው ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ የሚነግረው ሰው ካገኘ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት እየተቋረጠ ቀጠሮ ያለፈባቸው በሽተኞች አሉ። ሲጃራ አቁሞ ሲጠብቅ ቀጠሮው የተላለፈበት ሰው «በከንቱ ደከምሁ» ብሎ ወደ ማጨሱ ሊመለስ ይችላል። የተላለፈው ሳምንት ለቁስሉ የተጨመረለት መሆኑን አስቀድሞ ቢነገረው ግን ይጸናል። በጥይት ወይም በአደጋ ቆስሎ የሚመጣውን ሰው በተመለከተ አራት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ ቶሎ ይሠራለታል። ለእርሱም ቢሆን ከአልጋው ጀምሮ ማቆሙ ቁስሉንና አጥንቱን ይረዳል።

ጥያቄው መቼ ይጠየቅ? የቀጠሮው ቀን በካርዱ ላይ በሚጻፍበት በዚያው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣውና በብዙ አገር የሚሠራበት የኦፕራሲዮን ክፍል መቆጣጠሪያ ቅጽ 19 ነጥቦች አሉት፤ ስለ ማጨስ የሚጠይቅ መስመር ግን የለበትም። ቅጹን አንነቅፈውም፤ በሽተኛው ከጠረጴዛው አጠገብ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ለአራቱ ሳምንቶች አይጠቅምምና። ስለዚህ ቅጽ የማያስታውሰውን ሥራ የተመላላሽ ክፍሏ ነርስ ማስታወስ አለባት።

እንዴት ይጠየቅ የሚለው ግን ከሁሉ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ በሽተኛው ከአስታማሚው ጋር ይቀርባል፤ ሚስቱ፣ ልጁ ወይም የጉባኤው ሽማግሌ አብሮት ቆሟል። በእነርሱ ፊት «ታጨሳለህ?» ቢባል መልሱ የታወቀ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ 60 ዓመት የሆናቸው ሰው ስለ ቧ ቀጠሮ ሊይዙ መጥተዋል እንበል። ነርሷ አስታማሚውን «እስቲ ካርድ ክፍል ሄደህ ይህን አስፈርም» ብላ ትልከዋለች። ከዚያም፣

«አባባ፣ ስለ ማደንዘዣው ስንል ኦፕራሲዮን የሚሠራለትን ሁሉ የምንጠይቀው ነገር አለ። ሲጃራም ይሁን ጋያ፣ ወይም ሱረት፣ ትንባሆ የሚባል ይወስዳሉ? ዱሮስ ይወስዱ ነበር?»

«ኧረ እኔስ አልነካም፣ ሲስተር።»

«ደግ ነው። አንዳንድ ሰው ገበያ ሲወጣ፣ ከሰው ጋር ሲጫወት ብቻ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለውም ለማደንዘዣው መታወቅ ስላለበት ነው። የሚነግሩኝ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«… ከሰው ጋር ከሆንሁ እንግዲህ፣ አንድ ሁለት ፍሬ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ስለ ነገሩኝ፣ አባባ። ይህ ለሕክምናዎ ትልቅ ነገር ነው።»

ነርሷ «ሁሉን የምንጠይቀው» ማለቷን ልብ በሉ፤ ጥያቄው ሰውየውን ነጥሎ አያሳፍረውም። ጋያንና ሱረትን በስማቸው ጠራች፤ ምክንያቱም ሽማግሌው «ሲጃራ» ብቻ ቢባሉ አላጨስም ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ፓኬትም አልጠየቀችም። በመናኸሪያና በሱቅ ደጃፍ ሰው በፍሬ እየገዛ ስለሚያጨስ፣ «በቀን ስንት ፓኬት?» የሚለው ጥያቄ «አንድም» የሚል መልስ ያመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መልሱን በተቀበለች ጊዜ አመሰገነች። በዚያች ደቂቃ «በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም?» ብትል ኖሮ በሩ ይዘጋ ነበር።

ከዚህ በኋላ ምክሩ አጭር ይሁን፤ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። ስለ ስፌቱና ስለ ሳሉ ይነገራቸው፤ የሚያቆሙበት ቀን ተቆርጦ ይያዝ። ቀስ በቀስ መቀነስ እንደ መጀመሪያ ደረጃ አይከፋም፤ ቁስሉን የሚረዳው ግን ፈጽሞ ማቆሙ ነው። ወደ ሺሻ መዞርም ማቆም አይባልም። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ከሁሉ እንደሚከብዱ ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ሰውየው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ራሱን ያመዋል። ይህን ያልተነገረው ሰው ሕመሙ የባሰበት ይመስለውና «ሲጃራው ነበር የያዘልኝ» ይላል። እንዲህ ያለው ስሜት በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ እየላላ ይሄዳል። የማጨስ አምሮት ራሱ በመጣ ጊዜ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያችን ደቂቃ ማሳለፊያው በየቤቱ አለ፦ ቆሎ መቆርጠም፣ ውሃ መጠጣት፣ መፋቂያ በአፍ መያዝ፣ ተነሥቶ በሬዎቹን ዞር ብሎ ማየት። በእነዚያ ሳምንቶች ከአረቄ ቤትና ከጫት ቤት መራቅ ግን ግድ ነው፤ ሲጃራው ከእነርሱ ጋር ተጣምሮ ስለሚኖር። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ገበሬ ራሱን መግዛት አይችልም ብለን አንገምትም፤ የሚጎድለው ምክንያቱን የሚነግረውና ቀኑን የሚቆጥርለት ነው።

ቀኑን የሚቆጥርለት ማን ይሁን? ነርሷ በሳምንት አንድ ጊዜ ስልክ መደወል ከቻለች መልካም ነው። ካልቻለች በቀበሌው ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ በሽተኛው ከፈቀደ፣ ቤት ለቤት ስትዞር «እንዴት ሰነበቱ? ስንተኛ ሳምንት ሆነ?» ብትለው የዴንማርኳን ነርስ ሥራ ሠራች ማለት ነው። የተሰናከለ ሰው ቢኖር ሌላ ቀን ይቆረጥለት። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ አያቆምምና ነርሷም ተስፋ አትቁረጥ።

ሠራተኞቻችን ስለ ሦስት ነገሮች ደጋግመው ይጠይቁናል። አንደኛው፣ «ጥቂት ቀን ሲቀረው ቢያቆም አክታው በዝቶ ይብስበታል» የሚለው የቆየ ፍርሃት ነው። በኋላ የተሰበሰቡት ጥናቶች ይህን አላረጋገጡም፤ ስለዚህ «አሁንስ ዘግይቷል፣ ይተወው» አይባልም። ሁለተኛው፣ በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» የተባለ በሽተኛ፣ ሲጃራ ምግብ አይደለም ብሎ ጠዋት ከሐኪም ቤቱ በር ላይ የሚያጨስበት ጊዜ አለ። ትእዛዙ ሲጃራንም በስሙ ይጥራ። ሦስተኛው፣ በሽተኛውን «ካላቆምህ አይሠራልህም» ብሎ ማስፈራራት ነው። ይህ ፈጽሞ አይገባም። የተቀረቀረ አንጀት፣ ካንሰርም፣ አራት ሳምንት አይጠብቁም። የተፈራ ሰውም ማጨሱን ሳይሆን መናገሩን ነው የሚያቆመው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በጤና ተቋማት ማጨስን ይከለክላል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ መሸጥንም እንዲሁ። ስለዚህ ነርሷ አስታማሚውን «እዚህ አይጨስም» ስትል ሕግ ከኋላዋ አለ። ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛውም ይህን ቢያውቁ ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

ለጉባኤዎች የምንለው አለን። በብዙ ጉባኤዎቻችን ያጨሰ ሰው ይመከራል፣ አንዳንዴም ከኅብረት ይታገዳል። ይህን ሥርዓት በዚህ ጽሑፍ አንመረምርም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ፣ «ለመሆኑ ያጨሳል ብለው ነው እንዴ የጻፉት?» ብሎ ነርሷን ቢጠይቃት፣ መልስ መስጠት የለባትም፤ ሽማግሌውም መጠየቅ የለበትም። አንድ ጊዜ የበሽተኛ ምስጢር ከካርዱ ወደ ጉባኤ ቢወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ቀበሌ የሚመጣ አጫሽ ሁሉ «አልነካም» ይላል፤ ከማደንዘዣው ሲነቃም የሚያሠቃየው ሳል ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሐኪም አያገኝም። ወንድማችሁ ለሕክምና እንደሚሄድ ከሰማችሁ፣ ለጉዞው ገንዘብ እንደምታዋጡለት ሁሉ፣ በሚጠብቅባቸው ሳምንቶች ማታ ማታ አብራችሁት ቡና ጠጡ፤ ከአረቄ ቤቱ የሚያስቀር ወዳጅ ያስፈልገዋል። እርሱ ራሱ ካልነገራችሁ ግን ምክንያቱን አትጠይቁት።

በቡድን የምታጠኑ ሠራተኞች በሚከተሉት ላይ ተወያዩ። በምትሠሩበት ጤና ጣቢያ በሽተኛን ከአስታማሚው ለይቶ ማነጋገሪያ ቦታ አለ ወይ? ከሌለስ የትኛውን ጥግ፣ የትኛውን ሰዓት መጠቀም ትችላላችሁ? በካርዱ ላይ ስለ ትንባሆ የተገኘው መልስ በየት ቢጻፍ የማደንዘዣው ባለሙያ ያየዋል፣ አስታማሚው ግን አያየውም? ወጥ ቤት ውስጥ በማገዶ ጭስ ዓመታት የኖረች፣ ሲጃራ ያልነካች እናት እንደ አጫሽ ስትስል ብትመጣ ምን ትጠይቋታላችሁ? በመጨረሻም አንዳችሁ ነርስ፣ አንዳችሁ በሽተኛ፣ አንዳችሁ ከክፍሉ አልወጣም የሚል አስታማሚ ሆናችሁ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ያህል ጠያይቁ፤ ነርስ የሆነው ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ አስታማሚውን በምን ዘዴ እንዳስወጣው ጻፉልን።